ሐውልት ያልቆመለት ሞተር

ወደ ሐርጌሳ መኻል ከተማ የዘለቀ እንግዳ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ከፍ ባለ መደብ ላይ በተሰቀለ የጦር አውሮፕላን ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሚግ የሚባለው ሶቪየት ሠራሽ ተዋጊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን ከአየር ያስደበደበበትን ዘመን እንዲያስታውስ የቆመ ነው። በዚያ ወራት አውሮፕላኖቹ ከሐርጌሳው አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ራሷን ይደበድቡ ነበር። በጦር ታሪክ ብዙ ያነበበ ሰው እንኳ የዚህን ብጤ በቀላሉ አያገኝም። ከተማይቱ ከፍርስራሿ ስትነሣ ያንን የጥፋት መሣሪያ በአደባባይ አቆመችው፤ በመደቡ ላይም የሕዝቡን መከራ በሥዕል ገለጸች። የጦር ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ሐውልት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

እኛ ግን በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልናወጋ የመረጥነው ስለ ሌላ ሞተር ነው። ይህኛው አይበርም፤ ከቆመበትም ንቅንቅ አይልም። አራት ቡሎን ከሲሚንቶ መደብ ጋር አስሮት በአንድ ሥፍራ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሙያተኞች «ቋሚ ሞተር» የሚሉት ይኸው ነው። ወፍጮ የሚያዞረው፣ ውኃ የሚስበው፣ መብራት የሚያመነጨው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከሐርጌሳ እስከ ጎንደር ድረስ ሐውልት ሲቆምለት አላየንም።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአገራችን ገጠር አንዲት እናት «እህሌን ባቡር ወስጄ አስፈጭቼ መጣሁ» ብትል፣ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ማለቷ እንዳልሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቃል፤ ባቡር ያለችው በሞተር የሚዞረውን ወፍጮ ነው። የቶጎ ውጫሌን ድንበር ተሻግሮ፣ በገቢሌና በአራብሲዮ በኩል ሐርጌሳ የገባ መንገደኛ ደግሞ ያንኑ «ባቡር» የሚለውን ቃል ከሶማሊኛ ተናጋሪዎች አፍ ይሰማዋል፤ እነርሱ ግን የሚጠሩበት የጭነት መኪናን ነው። ዐረቦች በዚሁ ቃል የእንፋሎት መርከብን ጠርተውበታል፤ ቱርኮችም መርከብን ቫፑር ይላሉ። የሁሉም ምንጭ በአውሮፓውያን ቋንቋ እንፋሎት ማለት የሆነው ቃል ነው፤ ጣልያን ቫፖሬ ይለዋል። እንፋሎቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን በየአገሩ ሕዝቡን ይበልጥ ካስደነቀው መኪና ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አንዱ በመርከብ ተደነቀ፣ አንዱ በጭነት መኪና፤ እናቶቻችን ደግሞ በወፍጮ።

እናቶቻችን በወፍጮ መደነቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የድንጋዩን ወፍጮ የምታውቅ አንባቢያችን ምን ለማለት እንደ ፈለግን ወዲያው ይገባታል። ሴቲቱ በወፍጮው ራስጌ ተንበርክካ ወይም ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች። ጤፉም ስንዴውም ማሽላውም በአንድ ጊዜ አይደቅም፤ ተሸርክቶ፣ ተመልሶ፣ እንደ ገና ተፈጭቶ ነው። ለቤተሰቡ የዕለት እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ለማውጣት ሰዓታት ይፈጃል፤ በመሆኑም ሥራው የሚጀመረው ዶሮ ሳይጮኽ ነበር። ሕፃን በጀርባዋ አዝላ የምትፈጭ እናት በየቤቱ ነበረች፤ ሕፃኑ የመጀመሪያውን እንቅልፉን የለመደው በዚያ ግፊትና ስበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወገቧ፣ ጉልበቷና የእጇ መዳፍ ግን ዋጋውን ከፍለዋል። በሐርጌሳና በአካባቢዋ ያሉ ሴቶችም ዕጣቸው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ማሽላውን «ሞዬ» በሚሉት ሙቀጫ ይወቅጡ ነበር፤ የእኛን እንጀራ የሚመስለውን ላሆህ የሚጋግሩት በዚያ ዱቄት ነበር።

ይህ ነገር የጦር ሠራዊትን አይመለከትም የሚል ካለ ታሪኩን መለስ ብሎ ይይ። በቀድሞ ዘመን የኢትዮጵያ ሠራዊት ሲዘምት እንደ ዛሬው የተደራጀ የስንቅና ትጥቅ ክፍል አልነበረውም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር እጅግ ብዙ ሴቶች ተጉዘዋል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው መዝመታቸውን ሁሉም ያወሳል፤ ያንን ሁሉ ሠራዊት በየሰፈሩ እህል እየፈጩ፣ ውኃ እየቀዱ፣ እንጨት እየለቀሙ ያበሉትን ሴቶች ግን በስም የሚያውቃቸው የለም። ወታደሩ ደክሞት ሲተኛ ሴቲቱ ወፍጮዋን ታቀርባለች፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ጭነቷን ተሸክማ ትከተላለች። የዚያ ሠራዊት ሞተር እርሷ ነበረች ብንል ለክብሯ ያንሳል እንጂ አይበዛም።

እንግዲህ ወደ ብረቱ እንመለስ። ቋሚ ሞተር የተወለደው ከጉድጓድ ውኃ ለማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1712 እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን በእንፋሎት የሚሠራውን መኪናውን የተከለው በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ለመሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ጄምስ ዋት አሻሻለው። በ1876 ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተርን ሠራ፤ ሩዶልፍ ዲዝልም በ1897 ዛሬ በናፍጣ የሚሠራውን ሞተር በተግባር አሳየ። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎት ነበር። ያኛው የሚሄድ ነበረ እንጂ ቋሚ አልነበረም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ብረት በራሱ ኃይል ሲንቀሳቀስ ያየው በእርሱ ነው።

ከቋሚ ሞተሮች ሁሉ በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ሊስተር ነው። ፋብሪካው በእንግሊዝ አገር ግሎስተርሺር ውስጥ በምትገኝ ዳርስሊ በተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1867 ተቋቋመ። ከ1930 ገደማ ጀምሮ ያወጣው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በዳርስሊ እስከ 1987 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። አንድ ሞተር ለግማሽ ምዕተ ዓመት መልኩን ሳይለውጥ ሲሠራ መኖሩ የሚያስገርም ነው። ሕንዶች በራጅኮት ከተማ ቅጂውን እየሠሩ ለአፍሪካና ለእስያ ገጠሮች ሸጠውታል። ምስጢሩ ዝግተኛነቱ ነው። ስድስት የፈረስ ጉልበት ያለው ሊስተር በአንድ ደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ በየሱቁ በር የሚንጫጫው ትንሹ የቤንዚን ጄኔሬተር በዚያው ደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተኩስ፣ ሊስተር በደቂቃ 325 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ያ ሩቅ ኮረብታ ላይ ሆነን የምንሰማው፣ ልብ የሚመታ የሚመስለው «ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ» እንግዲህ ይህ ነው። በዝግታ የሚሠራ ብረት ቶሎ አያልቅም፤ ቶሎ አይግልም፤ ሲበላሽም የሚጠግነው መካኒክ መዶሻና መፍቻ እንጂ ኮምፒዩተር አይፈልግም።

አነሣሡ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው፤ ባልተቤቶቻቸው «ይህን ሁሉ ሰዓት ወፍጮ ቤት ምን ስትሠራ ቆየህ?» የሚሏቸው ወንዶች ይህን ለማየት ቆመው መቅረታቸውን በዚህ አጋጣሚ እንመሰክርላቸዋለን። ባለ ወፍጮው መጀመሪያ ዘይቱን ያያል፣ ናፍጣውን ይከፍታል። በቴስታታው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር አጥብቆ ይዘጋል፤ ይህቺ መዘውር ተጨማሪውን የአየር ክፍል ስለምትዘጋ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይበልጥ ይታመቃል፣ ይበልጥም ይሞቃል። ዲዝል ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ብቻ ነውና። ቀጥሎ ቫልቮላውን በማንሻው ከፍቶ ይይዛል፤ ይህ ባይሆን የሰው ክንድ እመቃውን አያሸንፍም። ከዚያ ማኖቬላውን ሰክቶ ያዞራል። ሁለቱ ከባድ ቮላኖዎች ቀስ ብለው ይነቃሉ፣ ይፈጥናሉ፤ በቃ ሲል ማንሻውን ይለቀዋል። ቱክ! ጥቁር ጭስ። ዝምታ። ቱክ! አሁን ተነሣ። ሲሞቅ ትንሿን መዘውር መልሶ ይከፍታታል። ውኃው ያለ ፖምፓ በራሱ ይዘዋወራል፤ የሞቀው ቀልሎ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከወፍጮ ቤት ጎን ሁልጊዜ አንድ በርሜል የሚቆመው።

ቴስታታ፣ ቮላኖ፣ ማኖቬላ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ማርሚታ፤ አንባቢያችን እንደሚያስተውለው የመካኒኮቻችን ቋንቋ ሞተሩ እንግሊዛዊ ሲሆን እንኳ ጣልያንኛ ነው። ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው አገር ቃላቱን በጋራዥ በኩል አስገብቷል።

አንድ ነገር ግን በትዝብት ማለፍ አንችልም። የድንጋይ ወፍጮ ላይ መንበርከክ ለወንድ ልጅ ነውር በነበረበት አገር፣ መፍጨት በሞተር የሆነ ዕለት ሥራው ወዲያው የወንድ ሆነ! ማኖቬላ የሚያዞረው ወንድ፣ ገንዘብ የሚቀበለው ወንድ፣ በዱቄት ነጭቶ የሚታየውም ወንድ ነው። ሴቲቱ ወረፋ ጠባቂ ሆነች። ይህ በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን የሞተር ወፍጮ በገባበት በብዙው ዓለም የታየ ነው። ያም ሆኖ ወረፋው ከወፍጮው ይሻላል። ወረፋ ላይ ወሬ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ሕፃን ማጥባት አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሌሊቱ ላይ ተቀንሶ ለእንቅልፍ የተመለሰ ሰዓት አለ። ልጅቷም ትምህርት ቤት የምትሄድበት ጠዋት ተገኘላት።

በሐርጌሳ የሞተሩ ትልቁ ሥራ ውኃና መብራት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ መኻልዋን የሚያቋርጠው ወንዝ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈስ፣ በቀረው ጊዜ አሸዋ የሆነ ነው። አትክልተኞች በዚህ ብጤ ሸለቆዎች ዳር ጉድጓድ እየቆፈሩ በትንንሽ ሞተር ውኃ ስበው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። የከተማዋ ዋና የቧንቧ ውኃ ደግሞ በስተሰሜን ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከገድ ዴብሌ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ የሚመጣ ሲሆን፣ መስመሩ መጀመሪያ የተዘረጋው በ1970ዎቹ በቻይናውያን እርዳታ ነው። ውኃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ ሞተር በቆመ ቀን ጀሪካን ትሰለፋለች። ጀሪካን የምትሸከመውም ያችው ሴት ናት።

ስለ መብራቱ ያለው ታሪክ ከውኃው ይበልጥ ይገርማል። በ1988 ሐርጌሳ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሶ ሕዝቧ በብዛት ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ሐርታ ሼክን ከመሳሰሉት የጅጅጋ አካባቢ መጠለያዎች ሆኖ ጊዜውን ያሳለፈው ብዙ ነው። ከ1991 በኋላ ተመላሾቹ ከተማቸው ሲገቡ የጠበቃቸው ጣሪያ የሌለው ግድግዳና የተበጠሰ ሽቦ ነበር። የመንግሥት ኃይል ማመንጫ የለ፤ እርዳታ የለ። ስለዚህ ጄኔሬተር መግዛት የቻለ ነጋዴ ለሱቁ አስነሣ፤ የተረፈውን ለጎረቤቱ በሽቦ ሰጠ፤ ጎረቤቱም በአምፖል ቁጥር ከፈለ። ሠፈሩ በሠፈር እንዲህ እየበራ ሄዶ የግል የመብራት ድርጅቶች በቀሉ። በናፍጣ የሚመነጭ በመሆኑ ዋጋው ለረጅም ጊዜ በዓለም እጅግ ከተወደዱት አንዱ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን የፀሐይ ኃይል እየተጨመረበት ነው። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ሆኖ ያጠፋትን ከተማ፣ ቋሚው ሞተር ጓሮ ተቀምጦ አበራት። ሐውልቱ ግን የቆመው ለአውሮፕላኑ ነው! የከተማይቱን ምክንያት እንረዳለን፤ መከራን ማስታወስ ተገቢ ነው። ይሁንና ከሐውልቱ አጠገብ አንድ ያረጀ ጄኔሬተር ቢቀመጥ ታሪኩ ሙሉ ይሆን ነበር እንላለን።

እዚህ ላይ ለጦር ሰፈር ቤተሰቦች አንድ ማሳሰቢያ ጣልቃ እናስገባ። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሞተርን በዝግ ክፍል ውስጥ፣ በምሽግ ውስጥ ወይም ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ተኝቶ ልረፍ ሳይል ወደ ውጭ ይውጣ። እንዲሁም ወፍጮ ቤት ስትገቡ ነጠላችሁን አስሩ፣ ልጆቻችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ የሚዞር ቺንጊያ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ አይለቅም።

እንግሊዞች እነዚህን አሮጌ ሞተሮች ምን እንዳደረጓቸው ማወቅ ደግሞ አንባቢን ሳያዝናና አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1950 አፕልፎርድ በተባለች መንደር አርተር ናፐር የተባለ ገበሬ ከአንድ ወዳጁ ጋር በአሮጌ የእንፋሎት ትራክተር ለመሽቀዳደም በአንድ በርሜል ቢራ ተወራረደ። ሕዝቡ ለማየት ወጣ፤ በየዓመቱም መደጋገም ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ በየበጋው የእንፋሎት ትርኢት የሚባል ባህል ሆነ። በ1969 የተጀመረው የዶርሴቱ ትርኢት ከሁሉ ገንኖ ነበር። በእነዚህ ትርኢቶች ላይ ከግዙፎቹ ባቡሮች ራቅ ብሎ፣ በገመድ በታጠረ መስመር ቋሚ ሞተሮቹ ይደረደራሉ፤ ከ1926 ጀምሮ የተሠራው ትንሹ የሊስተር ቤንዚን ሞተር በብዛት አይታጣም። ቀለማቸው ታድሶ፣ ነሐሳቸው ተወልውሎ ያበራል። ባለቤቱ በተጣጣፊ ወንበር ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ሞተሩ ሥራ እንዲኖረው ትንሽ ፖምፓ ይታሰርለትና ከበርሜል ውኃ እየሳበ መልሶ እዚያው በርሜል ውስጥ ያፈሳል፤ ከጠዋት እስከ ማታ። አንድ የአራብሲዮ አትክልተኛ ወይም አንድ የእኛ አገር ባለ መስኖ ይህን ቢያይ፣ ያ ሁሉ ውኃ ሽንኩርት ሳያጠጣ ሲዞር መዋሉ ሳይከነክነው አይቀርም!

እንሳቅ እንጂ እነርሱ ያተረፉት ነገር አለ። አንድ ሕፃን ገመዱ አጠገብ ቆሞ የአያቱን ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ዳስሶም ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ ለዚህ ቅርብ የሆነው ድሬዳዋ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሥራ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ በድሬዳዋ ትልቅ የጥገና ጋራዥ ተቋቋመ። ያ መስመር በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ቢተካም፣ የድሮው ጋራዥ ከነባቡሮቹና ከነመጠገኛ መኪናዎቹ ሊጎበኝ ይችላል፤ ፈቃድ ወጥታችሁ በዚያ የምታልፉ ሁሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብታዩት አትጸጸቱም። ለወፍጮው ሞተር ግን እንዲህ ያለ ማረፊያ የለውም። የኤሌክትሪክ መስመር የገባበት ቀበሌ ባለ ወፍጮው ጸጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ሞተር ይተክላል፤ አሮጌው ጓሮ ይጣላል፤ አንድ ቀን «ቁራሌው» ሲል የመጣ ነጋዴ በኪሎ ገዝቶ ይወስደዋል። ብረቱ ቀልጦ ለግንብ የሚሆን ፌሮ ይሆናል። ማን እንደ ተከለው፣ በስንት በቅሎ ወይም በየትኛው መኪና እንደ መጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣ ዕለት ማን እንደ ፈራና ማን እልል እንዳለ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ባልቴቶችም አብረው እያለቁ ናቸው።

ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን የምንለምነው አለ። በትውልድ መንደራችሁ ወይም በምትሠሩበት ሥፍራ አሮጌ ቋሚ ሞተር ካለ፣ በጎኑ ላይ የተለጠፈችውን የነሐስ ሰሌዳ ፈልጉ። የፋብሪካው ስም፣ የሞተሩ ቁጥር፣ የፈረስ ጉልበቱና የዙሩ ልክ ተቀርጾባታል። እርሱን ገልብጣችሁ፣ ከመንደሩ ሴቶች በዕድሜ የገፉትን «ከእጅ ወፍጮ የተነሣችሁት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን ሳታሳምሩ ጻፉልን፤ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን። ሰሌዳዋ በዝገትና በቅባት ከተሸፈነች በቢላ አትፋቁ፤ ፊደሉ ይጠፋል። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ለአንድ ሌሊት ጠቅልላችሁበት በማግሥቱ ብትወለውሉት ይነበባል።